የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና፦ በቦታው የትኛው ሌንስ ይግባ?

በምሠራበት ፋርማሲ ደጋግመው ከሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች አንዱ «ሞራ የሚያጠፋ ጠብታ አለሽ?» የሚል ነው። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ለእናታቸው ወይም ለአባታቸው መድኃኒት ፍለጋ የወጡ ልጆች ናቸው። መልሱ አጭር ነው፤ የለም። ሞራን የሚያሟሟ ጠብታም ሆነ ክኒን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ማር ዓይን ውስጥ ማንጠባጠብም አያጠፋውም፤ ይልቁንም ንጹሕ ያልሆነ ነገር ዓይን ውስጥ ገብቶ ሌላ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። ያለው መፍትሔ ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ሁለተኛ ጥያቄ እየተከተለ መጥቷል፦ «ሐኪሙ ሌንስ ምረጡ አለን፤ የትኛው ይሻላል?» ይሄኛው አጭር መልስ የለውም። የዛሬው ጽሑፋችንም በይበልጥ የሚያተኩረው በእርሱ ላይ ነው።

ሞራ የሚባለው ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ሞራ ማለት በዓይን ላይ እንደ ቆዳ የሚበቅል፣ ሐኪም ሲልጠው የሚነሳ ነገር ይመስለናል። ስሙም ያሳስታል። ሞራው ያለው ግን በዓይን ላይ ሳይሆን በዓይን ውስጥ ነው። ከብሌናችን ኋላ በሁለቱም ጎኑ እብጥ ያለ፣ እንደ ውኃ የጠራ ሌንስ አለ። ዐረብኛ የቀራ ሰው ቅርጹን ለመገመት አይቸገርም፤ በዐረብኛ ሌንስ «ዐደሳ»፣ ምስር ደግሞ «ዐደስ» ነው። ሌንስ የሚለው ቃል ራሱም ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ምስር ነው። ስፋቱ አሥር፣ ውፍረቱ አራት ሚሊ ሜትር ግድም ይሆናል። ሥራው ብርሃንን ሰብስቦ ከዓይን ጀርባ ወዳለው ሬቲና መላክ ነው። በውስጡ ያሉት ፕሮቲኖች ሲለወጡ ሌንሱ ይደፈርሳል፤ ሰውየውም በጉም በተሸፈነ መስኮት እንደሚመለከት ይሆናል። ስለዚህ ሞራ ተገፈፈ ስንል የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ገባ ማለታችን ነው።

ዋናው ምክንያት ዕድሜ ነው። ስኳር በሽታና የዓይን ጉዳትም ያፋጥኑታል። አንደኛው ምክንያት ግን ከእኛው ከመድኃኒት ቤቶች ደጅ የሚወጣ ስለሆነ ጠበቅ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። ዓይኑን የሚያሳክከው ልጅ ዴክሳሜታሶን ያለበት ጠብታ ሲደረግለት ማሳከኩ ወዲያው ጋብ ይልለታል፤ እናትም ባዶውን ጠርሙስ ይዛ እየተመላለሰች «ያንኑ ስጡኝ» ትላለች። ይህ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ነው። ያለ ሐኪም ክትትል ለወራት ከተወሰደ በሕፃን ዓይን ላይ ሳይቀር ሞራ ያመጣል፤ ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የዓይንን ግፊት ከፍ አድርጎ ግላኮማ ማስከተሉ ነው። ሞራው በቀዶ ሕክምና ይነሳል። ግላኮማ የወሰደው ብርሃን ግን አይመለስም።

ከዐረብ አገር የተመለሱ እኅቶች ሁለቱን በሽታዎች ሲያደባልቁ እሰማለሁ። በዐረብኛ ሞራ «አል-ማእ አል-አብየድ» ማለትም ነጩ ውኃ፣ ግላኮማ ደግሞ «አል-ማእ አል-አዝረቅ» ማለትም ሰማያዊው ውኃ ይባላል። ስለዚህ «ዓይንሽ ውስጥ ውኃ አለ» የተባለች ሴት የትኛው ውኃ እንደሆነ ደግማ መጠየቅ አለባት። ለነጩ ገንዘብ እስኪጠራቀም ጥቂት ወራት መታገስ ይቻላል፤ ሰማያዊው ግን ቀጠሮ አይሰጥም።

እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በአገራችን በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ሰው 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ሆኖ የተገኘ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ነበር። በአንድ ቀዶ ሕክምና ሊበራ የሚችል ዓይን ቤት ውስጥ ተቀምጦ ይጨልማል ማለት ነው። ለዚህ አንዱ ምክንያት «ገና አልበሰለም፤ ይብሰል» የሚለው የቆየ ምክር ነው። ድሮ በነበረው የቀዶ ሕክምና ዘዴ ሐኪሞች ራሳቸው እንዲበስል ይጠብቁ ነበር። ዛሬ ግን መዘግየቱ ጥቅም የለውም። ሌንሱ በቆየ ቁጥር ስለሚደድር ለማውጣት ያስቸግራል፤ ከመጠን በላይ ሲበስል ደግሞ አብጦ ወይም አፍስሶ የዓይንን ግፊት ድንገት ሊያንርና ዓይኑን ለዘለቄታው ሊያጠፋ ይችላል። በአሁኑ ጊዜ መለኪያው የሰውየው ኑሮ ነው። ሞራው ከማንበብ፣ ከሥራ ወይም በሰላም ደረጃ ከመውረድ ካገደው ጊዜው ደርሷል።

ከዐማር እስከ ሪድሊ

ሙስሊም ሐኪሞች በዚህ ሕክምና ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስፍራ አላቸው። የሞሱሉ ዐማር ኢብኑ ዐሊ ከአንድ ሺሕ ዓመት በፊት በግብፅ ይሠራ የነበረ የዓይን ሐኪም ሲሆን፣ ሞራን በቀጭን ክፍት መርፌ ስቦ ስለማውጣት ጽፏል። ከዚያ በፊት የተለመደው ሞራውን በመርፌ ገፍቶ ወደ ዓይን ውስጥ ወደ ታች መጣል ነበር። ሆኖም ሞራው ይወገድ እንጂ በቦታው የሚገባ ነገር ስላልነበረ የታከመው ሰው አጥርቶ ማየት ይሳነዋል። በዕድሜ የገፋችሁ አንባብያን እንደ ጠርሙስ የወፈረ መነጽር የሚያደርጉ አዛውንቶችን ታስታውሳላችሁ። ብዙዎቹ ሌንሳቸው ወጥቶ ያልተተካላቸው ነበሩ።

መፍትሔው የመጣው ከጦርነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አብራሪዎች የአውሮፕላናቸው መስኮት ሲሰበር ስባሪው ዓይናቸው ውስጥ ይገባ ነበር። የለንደኑ ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ይህ የፕላስቲክ ስባሪ ዓይን ውስጥ ተቀምጦ ዓይኑ እንደማይቆጣ አስተዋለ። ከዚሁ ፕላስቲክ ያሠራውን ሌንስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1949 ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ዓይን ውስጥ አስገባ። የሙያ ባልደረቦቹ ለረጅም ዓመታት ቢቃወሙትም ዛሬ በዓለም ላይ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው የሚያየው በዚህ ሐሳብ ነው።

አልፎ አልፎ «ሌንሱ ከምን ይሠራል? ከእንስሳ ነው ወይስ ከሞተ ሰው?» ብለው በስጋት የሚጠይቁኝ አሉ። ከሁለቱም አይደለም። አክሪሊክ ወይም ሲሊኮን ከሚባል ሰው ሠራሽ ቁስ ነው የሚሠራው። አንዴ ከገባ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ነው፤ እንደ መነጽር አይወለቅም፣ አይታጠብም። ከሞተ ሰው የሚወሰደው ኮርኒያ የሚባለው የዓይን ፊተኛው ግልጽ ሽፋን ሲሆን ያ ሌላ ሕክምና ነው።

ቀዶ ሕክምናው

ዘዴው ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ሐኪሙ ዓይን ላይ ስድስት ሚሊ ሜትር ግድም የሆነ፣ ያለ ስፌት ራሱን የሚዘጋ መንገድ ከፍቶ ሌንሱን እንዳለ ያወጣል፤ በቦታውም የማይታጠፍ ሌንስ ያስገባል። በየክልሉ በነጻ በሚካሄዱት የሞራ ቀዶ ሕክምና ዘመቻዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በዚህ ነው። በሁለተኛው ዘዴ ሦስት ሚሊ ሜትር በማይሞላ ቀዳዳ የድምፅ ሞገድ መሣሪያ ገብቶ ሌንሱን ፈጭቶ ይመጠዋል፤ ከዚያም ተጣጥፎ የሚገባ ሌንስ ውስጥ ሲደርስ ይዘረጋል። ሰዉ ይህን «በሌዘር» ይለዋል እንጂ ሌዘር አይደለም። በሁለቱም የሚደነዝዘው ዓይኑ ብቻ ስለሆነ ታካሚው አይተኛም፤ ልጆች ካልሆኑ በቀር። ሁለተኛው ቶሎ ያገግማል። የደደረ፣ የቆየ ሞራ ሲሆን ግን የመጀመሪያው ዘዴ በሠለጠነ እጅ እጅግ ጥሩ ውጤት ይሰጣል። ዘመቻ ላይ ተሠራ ማለት ርካሽ ሥራ ተሠራ ማለት አይደለም። በአዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ በጅማና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች እንዲሁም በቡታጅራ ግራርቤት ሕክምናው ይሰጣል።

የትኛው ሌንስ?

ከምርጫው የሚቀድም ነገር አለ፤ እርሱም ልኬት ነው። የእያንዳንዱ ሰው ዓይን ርዝመትና የኮርኒያው ቅስት ይለያያል። የሌንሱ ቁጥር የሚታወቀው እነዚህ ሁለቱ ተለክተው በቀመር ሲሰሉ ነው። የዓይን ርዝመት ልኬት በአንድ ሚሊ ሜትር ቢሳሳት ውጤቱ ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ቁጥር ይዛባል። ይህ ማለት ውዱ ሌንስ በተሳሳተ ቁጥር ከሚገባ ርካሹ በትክክለኛ ቁጥር ቢገባ ይሻላል። ስለሆነም ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ስለ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት «ዓይኔ ይለካል ወይ?» በሉ።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። የወጣት ዓይን ሌንስ ቅርጹን እየለዋወጠ አንዴ ሩቅ፣ አንዴ ቅርብ ያያል። አርባ ዓመት ካለፈ በኋላ ይህ ችሎታ እየደከመ ይሄዳል፤ ማንበቢያ መነጽር የሚያስፈልገንም ለዚህ ነው። ሰው ሠራሹ ሌንስ ደግሞ ቅርጹን አይለውጥም። በብዛት የሚገባው ባለ አንድ ርቀት ሌንስ አጥርቶ የሚያሳየው አንድ ርቀት ብቻ ነው። ያ ርቀት የቱ ይሁን የሚለው ጥያቄ ከሌንሱ ዓይነት ይልቅ የሰውየውን ኑሮ ይለውጣል። ይሁንና ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ የሚታለፈው ይኸው ነው።

በተለምዶ ሐኪሙ ለሩቅ ያደርገዋል። መኪና ለሚነዳ፣ ለሚያርስ፣ ከብት ለሚጠብቅ፣ ከቤት ወጥቶ ለሚውል ሰው ይህ ትክክል ነው። ለንባብ መነጽር ያደርጋል። ነገር ግን አንድ የቁርኣን አስተማሪ የገጠማቸውን ላጫውታችሁ። እኚህ ሸይኽ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሩቅ የማያዩ፣ ቅርቡን ግን ያለ መነጽር የሚያነብቡ ነበሩ። ሙስሐፉን ወደ ፊታቸው ጠጋ አድርገው ነበር የሚያቀሩት። ሞራቸው ከተነሳ በኋላ የመስጂዱን ሚናራ ጫፍ ከሩቅ ለየት አድርገው ማየት ቻሉ። ሙስሐፉን ሲገልጡ ግን ፊደሉ ጠፋባቸው። ማንበቢያ መነጽር የት እንደሚሸጥ ሊጠይቁኝ ሲመጡ «ልጄ፣ የሌለኝን ሰጥተው የነበረኝን ወሰዱብኝ» ነበር ያሉኝ። ሥራው በሙያ አንጻር ጉድለት የለበትም፤ ልኬቱም ልክ ነበር። ግን ቀኑን በምን እንደሚያሳልፉ የጠየቃቸው አልነበረም። እርሳቸውም መናገር እንዳለባቸው አላወቁም። ሌንሱ ለአርባ ሳንቲ ሜትር ርቀት ተደርጎ ቢሆን ኖሮ እንደ ልማዳቸው ያለ መነጽር ያቀሩ ነበር፤ መነጽሩን የሚያደርጉት ለመንገድ ይሆን ነበር። በመነጽር ጉዳያቸው ተፈትቷል፤ ቅሬታቸው ግን አልወጣላቸውም።

እንግዲህ ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ እንዲህ በሉ፦ «ቀኔን የማሳልፈው ሙስሐፍ በማንበብ ነው» ወይም «ልብስ ሰፊ ነኝ» ወይም «ሹፌር ነኝ፤ ማታም እነዳለሁ»። ቀድሞ ቅርቡን ያለ መነጽር ታነብቡ ከነበረም ይህን ሳትናገሩ አትውጡ። ሁለቱም ዓይን የሚሠራ ከሆነ አንዱን ለሩቅ፣ ሌላውን ለቅርብ ማድረግም ይቻላል። አእምሮው የሚለምደው ሰው አለ፣ የማይለምደውም አለ። ስለዚህ ከተቻለ አስቀድሞ በመነጽር ወይም ዓይን ላይ በሚለጠፍ ሌንስ መሞከር ነው።

ባለ ብዙ ርቀት የሚባለው ሌንስ ሩቁንም፣ መካከሉንም፣ ቅርቡንም ለማሳየት የተሠራ ነው፤ ከመነጽር ነጻ ያወጣል ተብሎ በውድ ይሸጣል። ብዙዎችን በእርግጥ ነጻ አውጥቷል። ነገር ግን የሚሠራው የገባውን ብርሃን ከፋፍሎ ስለሆነ ዋጋ ያስከፍላል፤ የገንዘቡን ማለቴ አይደለም። በማታ በመኪና መብራት ዙሪያ ቀለበት ይታያል። በደብዛዛ ብርሃን ግራጫውን ከጥቁሩ መለየት ይከብዳል። ለፈጅር በጨለማ መንገድ የሚወጣ፣ በአነስተኛ መብራት የሚቀራ ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ከሁሉም በላይ ይህ ሌንስ ጤናማ ዓይን ይፈልጋል። ግላኮማ ያለበት፣ ስኳር በሽታ ሬቲናውን የጎዳው፣ ወይም እንደ ብዙዎቹ የገጠር እናቶቻችን ትራኮማ ኮርኒያውን ያጠለሸበት ሰው ሊገባለት አይገባም። አንዴ ከገባ በኋላ አልተስማማኝም ብሎ ማስወጣት ሌላ ከባድ ቀዶ ሕክምና ነው።

ኮርኒያቸው የተዛባ ቅስት ላላቸው ያንን የሚያስተካክል ልዩ ሌንስ አለ። ይህ የሚታወቀው በልኬት ስለሆነ ሐኪሙ ካላነሳው በቀር አትጨነቁበት።

አሁን የማነሳው ስለ ገንዘብ ነው። ውጭ አገር ያሉ ልጆች ከጅዳም፣ ከዋሽንግተንም ደውለው «ለአባባ ምርጡ ይግባላቸው፤ ገንዘቡን እንልካለን» ይላሉ። ፍቅራቸው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ውዱ ሁሉ ለአባባ ምርጡ አይደለም። ርካሹም መናኛ አይደለም። በሕንድ ማዱራይ ከተማ የሚገኘው አውሮላብ እ.ኤ.አ. በ1992 ሌንስ ማምረት ከጀመረ በኋላ ዋጋው ለድሃ አገሮች ወርዶ አሥር ዶላር የማይሞላ ደህና ሌንስ ተገኝቷል። በእኔ አመለካከት ለአብዛኞቹ ወላጆቻችን የሚበጀው በጥንቃቄ ተለክቶ የገባ ባለ አንድ ርቀት ሌንስና አንድ ማንበቢያ መነጽር ነው። በዋጋው ልዩነት ሁለተኛውን ዓይን ማሠራት ይቻላል። ወሳኙም ዓይኑ የራሳቸው የሆኑት አባባ ይሁኑ እንጂ ስልክ የደወለው ልጅ አይሁን።

ለሐኪሙ የሚነገሩ መድኃኒቶች

ለፕሮስቴት ሕመም ታምሱሎሲን የሚወስዱ አባቶች ይህን ለዓይን ሐኪሙ ሳይናገሩ ቀዶ ሕክምና ክፍል መግባት የለባቸውም። መድኃኒቱ ቀለም ያለውን የዓይን ክፍል ስለሚያልፈሰፍሰው በቀዶ ሕክምናው መካከል ብሌን ይጠብባል። ይህ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በሚገባ የታወቀ ነው። ከሳምንት በፊት ማቋረጡ ችግሩን አያስቀርም፤ ሐኪሙ ካወቀ ግን ተዘጋጅቶ ይሠራዋል። ከሽንት ሕመም ጋር ዓይን ምን አገናኘው ብለው ብዙዎቹ አይናገሩም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱም ይናገሩ፤ በራሳቸው ግን አያቋርጡ።

ዉዱእ፣ ሱጁድ እና ጠብታ

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለአንድ ሁለት ሳምንት የቧንቧም ሆነ የጉድጓድ ውኃ ዓይን ውስጥ መግባት የለበትም። በዉዱእ ጊዜ ፊት ላይ ውኃ መርጨት ቀርቶ ከዓይን ዙሪያ ውጭ ያለውን በእርጥብ እጅ መታጠብ ይቻላል፤ ቀሪውን እንዴት እንደሚያሟሉ፣ ተየሙም ያስፈልግ እንደሆነም የአካባቢያችሁን ዓሊም ጠይቁ። ለታመመ ሰው ሸሪዓው ያገራለት ስለሆነ ዓይንን አደጋ ላይ መጣል ጀግንነት አይደለም። ሱጁድን በተመለከተ በትንሹ ቀዳዳ ለተሠራላቸው ብዙ ሐኪሞች ቶሎ ይፈቅዳሉ፤ ሌሎች ለጥቂት ቀናት ጎንበስ ማለትን ይከለክላሉ። ተቀምጦ በምልክት መስገድ እስከ መቼ እንደሆነ ከሆስፒታሉ ሳትወጡ ጠይቁ። ኩልም ለአንድ ወር ያህል ይቆይ።

የሚታዘዘው ጠብታ ለአራት እስከ ስድስት ሳምንት የሚቆይ ሲሆን ረመዳን ውስጥ ሊገባ ይችላል። ጾም ያፈርሳል በሚል ስጋት ቀኑን ሙሉ ሳያደርጉ የሚውሉ አጋጥመውኛል። በአገራችን የሚበዙት የሻፊዒና የሐነፊ መዝሀቦች የዓይን ጠብታ ጾም አያፈርስም ይላሉ። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ባካሄደው ጉባኤ ወደ ጉሮሮ የደረሰውን እስካልዋጡ ድረስ እንደማያፈርስ ወስኗል። ምሬቱ ጉሮሮ እንዳይደርስ ጠብታውን ካደረጋችሁ በኋላ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ለሁለት ደቂቃ በጣት ጫን በሉት። መድኃኒቱም ከዓይን አይሸሽም። ሁለት ዓይነት ጠብታ ከታዘዘ በመካከሉ አምስት ደቂቃ ይቆይ።

ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እይታው እንደገና ቢደበዝዝ «ሞራው ተመለሰ» ይባላል። ሞራ አይመለስም። የተለወጠው ሌንሱን የያዘው ቀጭን ከረጢት ነው፤ ይህ በእውነተኛ ሌዘር በደቂቃዎች ውስጥ ይከፈታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ዓይኑ እየቀላ፣ ሕመሙ እየጨመረ፣ እይታው እየቀነሰ ከሄደ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ለነገ ሳትሉ፣ ጁሙዓም ቢሆን ሌሊት፣ በዚያው ሰዓት ወደተሠራላችሁበት ቦታ ተመለሱ። ሰዓታት ዓይኑን ያተርፋሉ ወይም ያጠፋሉ።

የተረፈውን ጠብታ በተመለከተ፣ ጠርሙሱ ከተከፈተ ከአራት ሳምንት በኋላ ይጣል። አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ያለው ያ ስቴሮይድ ስለሆነ ዓይኑን ለሚያሳክከው የልጅ ልጅ አይሰጥም።